አልጋ ስር የነበረው ቤንዚን

ይህን ነገር እስካለፈው ዐቢይ ጾም ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም ነበር። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም ነበር። ጾም በገባ ቁጥር ሰው ማማቴን፣ መቆጣቴን፣ ሥራ ቦታ መዋሸቴን እየለቀምኩ አወራላቸውና እዚህች ላይ ስደርስ ዝም እል ነበር። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ ነበር። ዛሬ የማወራው እሱን ነው። ታግሳችሁ ስሙኝ፤ ለማጽናናት ግን አትቸኩሉ።

ቤንዚን ነበረኝ። የለኝም አልኩ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ዛሬ የምኖረው ቶሮንቶ ነው፤ ኢቶቢኮ ውስጥ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ያኔ ግን አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ የታክሲ ሹፌር ነበርኩ። አባቴ ሲሞት አንዲት አሮጌ ሰይቼንቶ ፊያት ተወልኝ፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች፣ ሰው ሲሞላባት የምታቃስት። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ቤንዚን ከአገር ጠፋ። በኩፖን ሆነ። ኩፖኑን ይዘን ስንሄድ ደግሞ ማደያው ባዶ ይሆናል። እኛ ሹፌሮች እዚያው ሰልፍ ላይ እንኖር ነበር ማለት ይቻላል። በስፖኪዮ እያየን ጢማችንን እንላጫለን፣ ምሳችን ከቤት ይመጣልናል፣ ካርታ እንጫወታለን። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሞተር ለምን ይነሳል ብለን አንዳችን የሌላችንን መኪና እንገፋለን። ተሳፋሪ ጭኜ ቁልቁለት ላይ ስደርስ ሞተር አጥፍቼ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጌ እለቃታለሁ። ዳገት ሲመጣ ሰዎቹ ራሳቸው «ቆይ እንውረድልህ» ይሉና በእግራቸው ወጥተው አናት ላይ ይጠብቁኛል። ማንም አያጉረመርምም ነበር።

ቤት ውስጥ ደግሞ ላምባ ጠፋ። የሴቶቹ ሰልፍ የሰው ሳይሆን የጀሪካን ሰልፍ ነበር፤ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ እጀታው ላይ የቀሚስ ቅዳጅ ይታሰርበታል። ግቢያችን ውስጥ ካለነው ቤተሰቦች አንዱ ብቻ ምድጃ ይለኩስና የሁላችን ወጥ በተራ ይጣዳል። የማን ሽሮ ከማን ምስር ቀድሞ እንደሚጣድ ሴቶቹ እየተሳሳቁ ይጨቃጨቃሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ችግር ጊዜ ተፋቅረን ነበር። ያለው ለሌለው ሳይጠየቅ ያካፍል ነበር። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጨው እንኳ አይደብቅም።

እኔ ደበቅኩ።

ከቤቴ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ወታደር ነበሩ፤ ሰሜን ዘምተው አልተመለሱም። እትዬ ዘነበች ሹራብ ፋብሪካ ውስጥ እየሠሩ አንዲት ልጃቸውን ሰናይትን ያሳድጉ ነበር። ሰናይት ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ለሚኒስትሪ ፈተና ስትዘጋጅ ግቢውን እየዞረች ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኛም ሳንፈልግ ታሪኩንና ጂኦግራፊውን አብረናት አጠናነው። እኔን «ጋሽ ግርማ» ትለኛለች። ጎበዝ ነበረች፤ ግቢው ሁሉ የሷን ማለፍ እንደራሱ ጉዳይ ይጠብቅ ነበር።

እኔ ደግሞ ላገባ ነበር። እጮኛዬ ሮማን የደብረ ዘይት ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ልጃቸውን ለታክሲ ሹፌር መስጠታቸውን እንደ ውለታ ይቆጥሩት ነበር። ሽማግሌ ስልክ አጎቷ «በዚህ ጊዜ ሙሽራዋን በምን ሊወስዳት ነው? በአህያ?» ብለው ሰው ሁሉ ፊት ሳቁ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ይህን ሲነግሩኝ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ያ ሳቅ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደረሰኝ ቤንዚን ላይ እየቆጠብኩ ማጠራቀም ጀመርኩ። መኪና ውስጥ ካደረ ስለሚሰረቅ በጎማ ቱቦ እስበውና ወደ ጀሪካን አንቆርቁሬ አልጋዬ ስር እከተዋለሁ። ቤቴ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። ራሴን እያመመኝ ነበር የምነሳው። ያችን ጀሪካን ባየሁ ቁጥር ግን ደስ ይለኛል። ለእኔ ክብሬ ነበረች።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት፣ እትዬ ዘነበች በሬን ደበደቡ። ስከፍት ነጠላቸው መሬት ይጎተታል።

«ግርማ ልጄ፣ ሰናይት ልትሞትብኝ ነው። ከትናንት ወዲያ የጀመራትን ቁርጠት ነው ብዬ ጤና አዳም ሳጠጣት ነበር። ዛሬ ሆዷን አላስነካ አለችኝ። ሰውነቷ እሳት ሆኗል። ቶሎ በል፣ ሆስፒታል አድርስልኝ።»

«እትዬ፣ ቤንዚን የለኝም» አልኩ።

ይህን ከማለቴ በፊት ምን ያህል አሰብኩ? ምንም። ቃሉ አምልጦኝ ነው ልበል? እንዳልል ደግሞ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት፤ ሽታው እንዳይወጣ። አፌ ቢያመልጠኝ እጄስ? እጄ አስቦበት ነው የዘጋው።

«ትንሽም የለም? እስኪያደርሰን ብቻ?»

የሰይቼንቶ ታንከር ከፊት ነውና የመኪናዋን የፊት ኮፈን ከፈትኩ። የታንከሩን ክዳን አነሳሁና ቀጭን እንጨት ከትቼ አወጣሁ። እንጨቱ ደረቅ ነበር። ያለውን ሁሉ ቀድሜ ቀድቼዋለሁ፤ ለምን ይረጥባል? «ይኸው እትዬ፣ ይመልከቱ» አልኳቸው። እሳቸው ግን እንጨቱን አላዩትም። ያዩት ፊቴን ነበር። «አይ ልጄ፣ ቢኖርህ መች ትከለክለኛለህ» አሉና እየሮጡ ተመለሱ።

ያ ደረቅ እንጨት ስንት ዓመት ጠበቃዬ ሆኖ ኖረ! «ታንከሩ እኮ ባዶ ነበር፤ በዓይናቸው አይተዋል» እያልኩ ራሴን ስደልል ነበር። ሌላው ሰው ሲዋሽ በቃል ብቻ ይዋሻል፤ እኔ ማስረጃ አቅርቤ ዋሸሁ። ከዚህ የከፋ ውሸት የት አለ?

ጎረቤት ተጠራርቶ ከእህል ነጋዴው ቤት የእጅ ጋሪ ለምኖ አመጣ። ፍራሽ አነጠፍንበትና ሰናይትን አስተኛናት። ከፊት ሌላ ጎረቤታችን ይጎትታል፤ ከኋላ የገፋሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር ትጮሃለች። በኋላ መጮኹንም ተወች፤ እሱ ደግሞ ባሰ። እትዬ ዘነበች እጇን ይዘው ከጎን እየሮጡ «ደረስን የኔ እናት፣ ደረስን» ይሏታል። አልደረስንም። ገና ብዙ ይቀረን ነበር። የእኔ እንባ ይወርዳል። ቆም ብዬ «ቆዩ፣ ቤት ቤንዚን አለኝ፤ ሮጬ መኪናዋን ላምጣ» ማለት እችል ነበር። ከግቢው ስንወጣ አሰብኩት። ዳገቱ ስር ስንደርስም አሰብኩት። ግን አሁን ብናገር ምን ይሉኛል? ልጅቷ ከፊቴ ተኝታ እያቃሰተች እኔ የማስበው ስለ ስሜ ነበር። እናም ባሰብኩት ቁጥር ጋሪውን ይበልጥ ገፋሁት። ያየኝ ሰው «ጎበዝ፣ በርታ!» ይለኝ ነበር።

ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ሐኪሙ «እስካሁን የት ነበራችሁ? እንዴት ያለሽ እናት ነሽ?» ብሎ እትዬ ዘነበችን ተቆጣቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው «ቤንዚን ጠፍቶ ነው ዶክተር» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ሰናይት አንዴ ተቀደደች፤ መግል ቋጠረና እንደገና ተቀደደች። ለሳምንታት ትተርፋለች ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር አልነበረም። ተረፈች። የዚያ ዓመት ፈተና ግን አለፋት፤ ግቢውን እየዞረች ማንበቧም ቀረ።

እሷ ሆስፒታል እንደተኛች ሠርጌ ደረሰ። ጀሪካኗን ከአልጋ ስር አወጣሁና ታንከሩ ውስጥ ገለበጥኳት። ደብረ ዘይት ሄጄ ሙሽራዬን አመጣሁ። የሮማን አጎት ታክሲዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ምንም ሳይናገሩ ገቡ። ያን ዝምታ ነበር የፈለግኩት፤ አገኘሁት። እትዬ ዘነበች የልጃቸውን አልጋ ለጥቂት ጊዜ ትተው ሠርጌ ላይ መጡ። እልል አሉልኝ። ቤንዚኑን ከየት አመጣኸው ለሚለኝ ሁሉ «አንድ ሰው ሰጥቶኝ ነው» ስል ሰምተዋል። ግንባሬን ሳሙኝና «አየህ ልጄ? ልጄን በጋሪ የገፋህልኝን እግዜር አይቶ ነው የሰጠህ» አሉኝ። ብዙ ስድብ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ምርቃት ያቃጠለኝ ግን የለም።

መንግሥት ተለወጠ። እኔና ሮማን ናይሮቢ ቆይተን ቶሮንቶ ገባን። ሸሽቼ ነው አልልም፤ እንደ ሰው ሁሉ ነው የወጣሁት። ግን ከዚያ ግቢ መራቄ ዕረፍት ሆኖኝ እንደነበር አልደብቅም። ልጆች ወለድን። ሥራዬ ከባድ ቢሆንም ደህና ነበር። ያን ነገር የረሳሁት እየመሰለኝ አንዳንዴ ማደያ ቆሜ ሳስቀዳ ሽታው ብቻ ይመልሰኛል። ቤንዚን እዚህ አገር ሲትረፈረፍ አይቼ «ምነው ያኔ!» ስል ራሴን እይዘዋለሁ። ያኔም እኮ ነበረኝ!

አንድ ቅዳሜ ብሉር ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ሳለ «ግርማ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ሳልዞር አወቅሁት። እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ወፍራም የክረምት ጃኬት ለብሰው፣ ጸጉራቸው ሸብቶ። ወንድማቸው ስፖንሰር አድርጓቸው ከሰናይት ጋር መጥተው ኖርዝ ዮርክ ይኖራሉ። እቅፍ አድርገውኝ አለቀሱ። ከዚያ ሱቅ ውስጥ ወዳሉት ሰዎች ዞረው «ይህን ልጅ አያችሁት? ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ልጄን በጋሪ ገፍቶ ያተረፋት እሱ ነው» አሉ። ባለሱቁ የበርበሬውን ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ማለ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ዘመድ ሆንን። እትዬ ዘነበች ማታ ማታ ቢሮ ያጸዳሉ፤ ቅዳሜና እሁድ እኛ ጋ ይመጣሉ። ልጆቼ «እማማ» ይሏቸዋል። ሮማን እናቷን ያገኘች ያህል ደስ አላት። ሰናይት ኮሌጅ ገብታ ነርሲንግ ትማር ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ቸኩላ የምትናገር ሴት ሆናለች። በየድግሱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የጋሪው ታሪክ ይነገራል። እየቆየ ታሪኩ አደገ፤ ብቻዬን ሙሉውን መንገድ የገፋሁ ሁሉ ሆንኩ። እኔ ደግሞ አንገቴን እደፋለሁ። ሰው «አቤት ትሕትናው!» ይላል።

ሰናይት ልትመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀራት እትዬ ዘነበች ጠሩኝ። «አባት የላት። በምርቃቷ ቀን እንደ አባት ሆነህ ቆመህ ንግግር የምታደርገው አንተ ነህ» አሉኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ንግግሩን ላስብ ሞከርኩ። ምን ብዬ ልጀምር? ከየት? ልጅቷን ሞት አፋፍ ላይ ትቼ በአባቷ ቦታ ልቁም? ያን ቀን ገባኝ፤ ዝም ካልኩ ከእንግዲህ በየቀኑ እንደ አዲስ እዋሻለሁ።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወደ አፓርትመንታቸው ሄድኩ። መኪናዬን ትቼ በሳብዌይ ባቡርና በአውቶቡስ ነበር የሄድኩት። ሰናይት ጠረጴዛው ላይ መጻሕፍቷን ዘርግታለች። ኮቴን ሳላወልቅ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ቤንዚን ነበረኝ።»

«የቱን ቀን?»

«የጋሪውን ቀን። አልጋዬ ስር ነበር። ለሠርጌ ያጠራቀምኩት። የለኝም ያልኩዎት ዋሽቼ ነው።»

ፈገግ አሉ፤ ቀልድ መስሏቸው። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። ሰናይት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጋሪውን ስትገፋ ታለቅስ ነበር» አሉ እትዬ ዘነበች። «ለማን ነበር የምታለቅሰው?»

«ለራሴ መሰለኝ እትዬ።»

«ያ ዶክተር ሲሰድበኝ አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«እኔ እኮ ጤና አዳም እያልኩ ጊዜ ያባከንኩ፣ ልጄን ልገድላት የነበርኩ እኔ ነኝ እያልኩ... ይህን ሁሉ ዓመት...» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ውጣልኝ» አሉ።

ይህን አላውቅም ነበር። የልጅቷን ሕመም ብቻ ነበር የማስበው። እናቲቱ የእኔን ጥፋት በራሳቸው ላይ ጭነው ሲኖሩ አንድም ቀን አልታየኝም። የደበቅኩት ቤንዚን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ለሳምንታት ስልክ ብደውል መልእክት መቀበያው ማሽን ብቻ ነው የሚያነሳው። መልእክት እተዋለሁ፤ መልስ የለም። ቅዳሜና እሁድ ልጆቼ «እማማ የት አሉ?» ሲሉ ሮማን «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» ትላለች።

አንድ ከሰዓት ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ ሰናይት ዌርሃውሱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በረዶው እየቀለጠ ነበር፤ ጫማዋ ርሷል። አጠገባችን ወዳለ የዶናት ቤት ገባን።

«ሪሊ ተናድጄብህ ነበር ጋሽ ግርማ» አለች። «አሁንም ተናድጃለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። መምህሬን ጠየቅኳት፤ የሌላ ሰው ኬስ አስመስዬ። እንደዚያ ቆይቶ፣ ትኩሳቱ ከፍ ካለ፣ ሜይቢ ከቤት ሳንወጣ በፊት ፈንድቶ ነበር አለችኝ። ምናልባት በመኪና ብንሄድም ለውጥ አልነበረውም።»

ይህን ስሰማ ምን ተሰማኝ? አልዋሽም፤ ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ ከፍ ሲል ተሰማኝ። ልቀበለው አፌን ከፈትኩ። ግን ያ የዘጋሁት በር ትዝ አለኝ።

«ምናልባት» አልኳት። «እኔ ግን በሩን ስዘጋ ይህን አላውቅም ነበር። ብትሞቺም ባትሞቺም ቤንዚኑን አልሰጥም ብዬ ነው የዘጋሁት።»

«‹ተመስገን፣ እንግዲያስ ጥፋተኛ አይደለሁም› ብትለኝ ኖሮ ዳግመኛ አላናግርህም ነበር» አለች። ከዚያ ቀለል ባለ ድምፅ «ለእማዬም ነግሬአታለሁ። ሁለት ቀን ቁርጠት ነው ብሎ መጠበቅ ማንም እናት ልትሠራው የምትችል ስህተት ነው አልኳት። አንተ ባትናገር ኖሮ እሷም አትናገርም ነበር፤ ራሷን ስትወቅስ መኖሯን እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ትንሽ ትተኛለች» አለችኝ። ቡናዋን ጨርሳ ስትነሳ «ሮማን ታውቃለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አታውቅም።»

«ንገራት እንጂ!»

ነገርኳት። ሮማን የልጆቹን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እኔ እኮ በእግሬም እመጣ ነበር» አለች። «ለአጎቴ ብለህ ነው? እኔን አንዴ እንኳ ጠይቀኸኛል?» ለቀናት አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ እሁድ ብቻዋን ኖርዝ ዮርክ ሄደች። እዚያ ከእትዬ ዘነበች ጋር ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ግን እራት አብራኝ በላች። በሳምንቱ ለንስሐ አባቴም ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

ከፋሲካ በኋላ ስልክ ተደወለ። እትዬ ዘነበች ነበሩ።

«ሰናይት ሰኔ ላይ ትመረቃለች። ንግግሩን ወንድሜ ያደርጋል። አንተ ከሮማንና ከልጆቹ ጋር ና።»

«ይቅር ብለውኛል እትዬ?»

«እሱን ገና አልጨረስኩም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ማታ ይመለስብኛል። ከዚህ በላይ ልዋሽህ አልችልም። አንተ ግን ሳልጨርስም ና።»

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ሰበቡን ሁሉ ነግሬአችኋለሁ፤ ሰልፉን፣ የአጎቷን ሳቅ፣ ወጣትነቴን። አንዱም አይበቃም። በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ተቸግሮ ነበር፤ ሁሉም ሰው ግን አልደበቀም። ቤንዚን ነበረኝ። የለኝም አልኩ። ይህ የእኔ ነው፤ ለዘመኑም ለማንም አልሰጠውም።

በምርቃቷ ቀን ሄድን። አዳራሹ ሞልቷል። ሰናይት ጥቁር ካባዋን ለብሳ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ትሮጣለች። እኔ የት እንደምቀመጥ ጨንቆኝ በሩ አጠገብ ቆምኩ። የጋሪውን ታሪክ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። እትዬ ዘነበች ከሰው መሀል አዩኝና ትልቅ ትሪ እንደተሸከሙ ወደ እኔ መጡ። ልባቸው እንዴት እንደዋለ ፊታቸው ላይ ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«ምን ትገተራለህ?» አሉኝ። «እንግዳ ቆሟል እኮ፤ ወንበር አምጣ እንጂ!»

ሮጥኩ። ከሰዓቱን ሁሉ ወንበር ሳመላልስ ዋልኩ።